የጋሽ አንሙት የዓምና ካላንደር

ጋሽ አንሙት ማረፋቸውን የሰማሁት ሞጣ፣ ደጃፌ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ ነው። የደወለልኝ ቢቸና አብሮኝ ያስተምር የነበረ መምህር ነበር። «የንብረት ክፍሉ ጋሽ አንሙት ትናንት፣ በጥምቀት ማግስት ዐረፉ። ዛሬ ቀበርናቸው» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደህና አድርጌ ካለቀስኩ በኋላ እንባዬን ጠረግሁና በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ዐርባቸው መቼ እንደሚውል ነው የቆጠርኩት። የካቲት ሃያ አንድ ላይ ዋለ። ዘንድሮ ደግሞ ዐቢይ ጦም የሚገባው የካቲት ዐሥራ ሦስት ነው። ተጠራጥሬ ደገምኩት፤ አልተሳሳትኩም። ያን ጊዜ ሳቄ መጣ።

ባለቤቴ ከውስጥ ወጥቶ ሲያየኝ እንባውም ሳቁም አንድ ላይ ነው። ማን እንደሞተ ነገርኩት። «ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቀው?» አለኝ። እንዲህ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር አልነበረም። ለሱ ምሳ እስኪደርስ ድረስ ሳወራው ቆየሁ፤ እዚህም ከመጀመሪያው ልነሣ።

ቢቸና የተመደብኩት ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ነው፤ ኢሕአዴግ ከገባ ስምንት ዓመት ያህል ሆኖታል። ዕድሜዬ ሃያ ነበር። ከዚያ በፊት የራሴ የምለው ገንዘብ በእጄ ገብቶ ስለማያውቅ የመጀመሪያዎቹን ደመወዞች እንደ ሰርግ ሰሞን ነው የበተንኳቸው። ስኳሩን በሲኒ፣ በርበሬውን በማንኪያ፣ ጤፉን በጣሳ እየገዛሁ፣ ወሩ ሳይጋመስ ኪሴ ባዶ ይሆናል። ሞጣ ላለችው እናቴ የምልከውም አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክረምት ክረምት ባሕር ዳር ሄጄ እየተማርኩ ዲፕሎማ መያዝ እፈልግ ነበር። ለዚያ የሚሆን ነገር ካልተረፈኝ ዕድሜ ልኬን አንደኛ ክፍል ውስጥ «ሀ ሁ» እያልኩ መቅረቴ ነው። ይኸ ሐሳብ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር፤ እንቅልፍ ቢነሣኝም ብስኩት መግዛቴን ግን አልተውኩም።

ጋሽ አንሙትን የተዋወቅኋቸው በጠብ ነው። የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ጠመኔ ልጠይቅ ብሄድ ከአንድ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ አውራ ጣት የሚያካክሉ ስብርባሪዎች ቆጥረው ሰጡኝ። እኔም ደሜ ፈላ።

«አዲስ ጠመኔ የለም እንዴ?» አልኩ።

«ሞልቷል።»

«ታዲያ?»

«ይኸኛው አይጽፍም?»

ይጽፋል። እያጉረመረምኩ ወጣሁ። መምህራን ክፍል ገብቼ ስናገር ሁሉም ሳቁብኝ። «ጋሽ ቋጣሮ» እያሉ ነበር ለካ የሚያሟቸው። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ በሐሜቱ ተሰለፍኩ፤ ምላሴም እንደሆነ ሥራ አይፈታም።

ኮታቸውን ያላየ ጋሽ አንሙትን አየሁ አይበል። ካኪ ኮት ነው። ፊቱ ሲነጣ ለልብስ ሰፊ ሰጥተው አስገለበጡት፤ የውስጡ ወደ ውጭ ወጣ፤ የደረት ኪሱ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገረ፤ ቁልፉም እንደ ሴት ልብስ በተቃራኒው ሆነ። እስክሪብቷቸውን ሲፈልጉ ሁልጊዜ መጀመሪያ ግራ ደረታቸውን ይዳብሱና «እ፣ ተዛውረሃል ለካ» ይላሉ። ጫማቸው የመኪና ጎማ ተረከዝ አለው። ሸሚዛቸው ግን ሁልጊዜ የታጠበ፣ ጢማቸው የተላጨ፣ ራሳቸው ደስ ያላቸው ሰው ነበሩ። እንደኔ ብስኩት በልተው የሚቆዝሙ አልነበሩም።

አንድ የገበያ ቀን አበባ የተሳለበት ፔርሙዝ ይዤ ስከራከር ከኋላዬ መጡ። «የሞጣዋ» አሉኝ፤ እንዲህ ነበር የሚጠሩኝ። «ይኸ ነገር ባይኖር ማን ያለቅሳል?» ጥያቄያቸው ይኸ ነበር፤ ለወንበር፣ ለጨርቅ፣ ለትምህርት ቤቱ ማኅተም ሳይቀር ይጠይቁታል። ለልጅ ደብተር ሲሆን «ልጁ ያለቅሳል» ይሉና ያለ ክርክር ይገዛሉ። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ ፔርሙዙን ዓይናቸው እያየ ከፍዬ ወሰድኩ። በሳምንቱ ከጠረጴዛ ወድቆ ተሰበረ። አላለቀስኩም። ያናደደኝም እሱ ነው፤ አንድ ጠብታ እንባ እንኳ ቢወጣኝ ሄጄ እነግራቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ዓይኔን እሳቸው ላይ ጣልኩ። ጠዋት ገበያ ሲሞቅ አይወጡም። ከሰዓት፣ ነጋዴው ዕቃውን መልሶ ከመሸከም እንዲሁ ልሽጠው ሲል ነው ዘንቢላቸውን ይዘው ብቅ የሚሉት። ከሽንኩርት ነጋዴ ጋር ሲከራከሩ ያየ ሰው አገር ሊገዙ ነው ይላል። ነገር ግን ከሩቅ ቀበሌ ዶሮ ታቅፋ ከመጣች አንዲት ሴት ሲገዙ የተጠየቁትን ያለ አንድ ቃል ሰጡ። ለምን አልተከራከሩም ብዬ ጠየቅሁ። «ስንት ሰዓት በእግሯ መጥታ? እሷ ላይ ነው እንዴ የምቆጥበው?» አሉኝ። ያን ቀን ሐሜቴ ትንሽ አነከሰ።

ጨርሶ ያቆምኩት ቤታቸው የበላሁ ዕለት ነው። ባለቤታቸው እትዬ እናነይ ዝምተኛ፣ ዓይናቸው ብቻ የሚስቅ ሴት ናቸው። ጓሯቸው ጎመኑ፣ ሽንኩርቱ፣ ጌሾው፣ ጤና አዳሙ አንድ ላይ ተጨናንቆ የበቀለበት ነው፤ ዕቃ የታጠበበት ውሃ ሁሉ እዚያ ይፈስሳል። ያቀረቡልኝ ሽሮ ነው። ሽሮ አይደለም ግን፤ እንዲህ ያለ ሽሮ ከዚያ በፊት በልቼ አላውቅም ነበር። ከበላሁ በኋላ ከቁም ሣጥን ውስጥ ማር ወጣ፤ ማሩ ለእንግዳና ለታመመ ሰው ብቻ ነው። ከነሱ ቤት ጠግቤ፣ ስቄ ወጥቼ ቤቴ ስገባ በጣሳ የተገዛችው ጤፌ ከታች ቆርቆሮው እየታየ ተቀበለችኝ። የኔ ደመወዝ ከሳቸው ብዙም አያንስም። እሳቸው በዚያው ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ይልካሉ፤ እኔ ራሴን ማብላት አቅቶኛል። አፈርኩ።

በማግስቱ ንብረት ክፍል ሄጄ እንዴት እንደምኖር አሳዩኝ አልኳቸው። አልሳቁብኝም። በአዲሱ ዓመት፣ ከመስከረም ጀምሮ ብስኩቱም፣ በሲኒ የሚገዛው ስኳርም ቀረ። በርበሬው በወቅቱ ተገዝቶ ከእትዬ እናነይ ጋር ተደለዘ። ታኅሣሥ ላይ ጤፉ ከአውድማ ሲወጣ፣ ጋሽ አንሙት አምበር ከተማ አጠገብ ከሚያውቁት ገበሬ አንድ ኩንታል ሰርገኛ ጤፍ አስመጡልኝ። ነጩን ማኛ ፈልጌ ነበር፤ ማኛው ባይኖር ማን እንደሚያለቅስ ጠየቁኝና ተውኩት። ያቺ ጆንያ ቤቴ ጥግ ስትቆም ሰው የመጣልኝ ነው የመሰለኝ። እስከ ክረምት እህል አልገዛም ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ደመወዝ ለባሕር ዳር ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ልብሴን ሳልቀይር ጆንያዋን መታ መታ አደርጋት ነበር።

ይኸንን ሁሉ ሊያፈርስ የመጣው ማኅበር ነው። እኛ መምህራንና ሠራተኞች በየወሩ ሃያ አንድ ቀን የማርያም ማኅበር ነበረን፤ በተራ አንዱ ቤት ይደገሳል። ድሮ ዳቦና ጠላ ብቻ ነበር አሉ። እኔ ስደርስ ግን ነገሩ ወደ ፉክክር ዞሯል። በዚያ ዓመት የመስከረሙ ተረኛ በግ አረደ። የጥቅምቱ ተረኛ ምክትል ርእሰ መምህሩ ሁለት አረዱ። የኅዳርና የታኅሣሥ ተረኞች በገና ጦም ስለዋሉ በሽሮ ተገላገሉ። የኔ ተራ ጥር ነው፤ አስተርእዮ ማርያም፣ ያውም ትልቁ በዓል፣ ያውም ፍስክ። በግ ለመግዛት ጤፏን ከመሸጥ በቀር ምንም መንገድ አልነበረኝም። ጤፏ ከተሸጠች ደግሞ ባሕር ዳር የለም።

ለጋሽ አንሙት ስነግራቸው ግራ ደረታቸውን፣ ቀጥሎ ቀኝ ደረታቸውን ዳበሱና መነጽራቸውን አወጡ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር በጣታቸው ተከተሉ። «የካቲት ሃያ አንድ የኔ ተራ ነው፤ ጦም በዋዜማው ገብቷል» አሉ። «እንለዋወጥ። ጥርን እኔ ልውሰድ። አንቺ በየካቲት ሽሮሽን ይዘሽ በክብር ትወጫለሽ።» እጃቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ፤ ቀና አድርገው አቀፉኝ።

ጥር ሃያ አንድ ቤታቸው ደገሱ። እሳቸውም በግ አረዱ፤ ከፋሲካ ጀምሮ በድንች ልጣጭና በጎመን እንጨት ጓሮ ያሳደጉት ሙክት ነበር። «ቋጣሮ» ሲሏቸው የነበሩት ሁሉ አጥንት እየጋጡ ቋጣሪነት እንዴት ጥሩ እንደሆነ ሲናገሩ ሰማሁ።

እኔም ለየካቲት ተዘጋጀሁ። ምስሩ ተለቀመ። እትዬ እናነይ ከባቄላ ዱቄትና ከሰናፍጭ ስልጆ አዘጋጅተው ከሳምንት በፊት እኔ ቤት ጣሉልኝ። ጠላው ተጠመቀ። ልቤ ደስ ብሎት የካቲት ሃያ ቀን ጠዋት ትምህርት ቤት ስገባ ምክትል ርእሰ መምህሩ በር ላይ ያዙኝ። «ነገ እንግዲህ ቅበላ ነው፤ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ለሚቀረው ጦም ሥጋ የምንሰናበተው አንቺ ቤት ነው፤ ጥርሳችንን ስለን እንመጣለን» ብለው ሳቁ።

የሚቀልዱ መሰለኝ። ጦሙ መቼ እንደሚገባ ጠየቅሁ። የሚመጣው ሰኞ ነው አሉ፤ ገና ሳምንት። እየሮጥኩ ንብረት ክፍል ገባሁና ካላንደሩን ቀና ብዬ አየሁት። ከላይ የተጻፈው ዓመተ ምሕረት የዓምናው ነው።

ጋሽ አንሙት ካላንደር ጥለው አያውቁም ነበር። የእመቤታችን ሥዕል ገና ስላልደበዘዘ፣ ቀኖቹን እንደሆነ ወደፊት ገፋ እያደረጉ በማንበብ አዲስ ሳይገዙ ዓመቱን ሊያወጡት አስበዋል። ጊዮርጊስ፣ ሚካኤል፣ ጥምቀት ከቦታቸው ንቅንቅ ስለማይሉ እስከዚያ ድረስ ሁሉ ነገር ሰምሮላቸዋል። ጦም ግን በየዓመቱ ቦታውን ይቀያይራል። ይኸን ያጡታል እንዳልል በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ። ካላንደሩን አወረዱ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ አወለቁ። ፊታቸው ሲቀላ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጤፌን ልሸጥ ነው» አልኩ። «ዛሬውኑ በግ እገዛለሁ።»

እሳቸውም ልማዳቸው ሆኖ፣ ሳያስቡት ነው መሰለኝ፣ «በጉ ባይኖር ማን ያለቅሳል?» አሉ።

«እኔ!» አልኳቸው። «እኔ አለቅሳለሁ!» እዚያው የጠመኔው ቆርቆሮ አጠገብ ቆሜ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅሁ። የሃያ አንድ ዓመት ሴት ነኝ፤ ከቤቴ የወጣሁ፣ ሰው ፊት መዋረዴን የማስብ። ጋሽ አንሙት ካላንደሩን ጠቅልለው በብብታቸው ያዙ። ቀስ ብለውም፣ «ጤፏን እንዳትነኪ። ያስለቀስኩሽ እኔ ነኝ፤ ነገ ለማኅበሩ መልስ የምሰጠውም እኔው ነኝ» አሉኝ።

በማግስቱ ከሥራ በኋላ ማኅበርተኛው ሁሉ ቤቴ ሞላ። ወንበር ስለሌለኝ ሁለት ሦስቱ የተቀመጡት በጤፏ ጆንያ ላይ ነው። የማኅበራችን ቄስ አባ ጸሎት አድርሰው ጠበል ጸዲቁን ቀመሱና ሌማቱ ተከፈተ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ስልጆ። ምክትል ርእሰ መምህሩ አንገታቸውን አስግገው ከጓዳ የሚመጣ ሌላ ነገር ካለ አዩ። እኔ ጓዳ በር ላይ ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኛለሁ።

ጋሽ አንሙት ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ፤ ጥቅሉን ፈቱና የዓምናውን ካላንደር ከግድግዳዬ ምስማር ላይ ሰቀሉት።

«ወገኖቼ፣ ዛሬ ሥጋ ያጣችሁት በኔ ነው» አሉ። «ይች ልጅ ጦም ነው ብዬ አታልያት ነው የደገሰችው። እኔን ያታለለኝ ደግሞ ይኸ ነው። ለምን የዓምናውን አየህ ካላችሁኝ፣ አዲስ ለመግዛት ሰስቼ ነው። ስታሙኝ ውላችኋል፤ ዛሬ ልክ ናችሁ።»

ማን መጀመሪያ እንደሳቀ አላውቅም። ቤቱ ተናጋ። «ቅበላን በሽሮ!» እያሉ ምክትል ርእሰ መምህሩ ራሳቸውን ይይዛሉ። አባ ስልጆውን በእንጀራ ጠቅሰው ቀመሱና ለጦሙ ስድስት ቀን ልምምድ መጨመር ነውር የለውም አሉ። ከዚያ ሁሉም በላ፤ ምክትል ርእሰ መምህሩ ስልጆ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ፤ እኔ ቆጥሬአለሁ።

ሳቁ በረድ ሲል አምስት ልጆች ያሉት አንድ የጂኦግራፊ መምህር ጉሮሮውን ጠረገ። የግንቦት ተረኛ እሱ ነው፤ ከገና ጀምሮ የበጉን ዋጋ ሲያሰላ እንደከረመ፣ ለሚስቱ እንኳ እንዳልነገራት ተናገረ። ማኅበሩ ከእንግዲህ ጦምም ሆነ ፍስክ እንደዛሬው ቢሆን ቅር የሚለው ሰው ካለ ይናገር አለ። አንገታቸውን የደፉት ብዛታቸው ገረመኝ። ለካ ሁሉም በየቤቱ እንደኔ ሲብሰለሰል ኖሯል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማርያም ማኅበር አንድ የጥራጥሬ ወጥ፣ ዳቦና ጠላ ሆኖ ቀረ። እኔም በዚያው ክረምት ጤፏ ጆንያ ውስጥ አንድ ጣሳ ያህል ቀርታ ባሕር ዳር ገባሁ። ዲፕሎማዬን ይዤ፣ ቆይቼም ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። ጋሽ አንሙትን በየዓመቱ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም ኮቱ እንደገና ወደ ቀድሞው ፊቱ ተገልብጦ አየሁት።

እንግዲህ ስልኩ የተደወለ ሰሞን ለቅሶ ለመድረስ በጉንደ ወይን በኩል ቢቸና ወረድኩ። እትዬ እናነይ ጥቁር ነጠላቸውን ተከናንበው ጥግ ተቀምጠዋል። የተረፋቸው ትንሽ የጡረታ ገንዘብና ጓሮ የታሰረች አንዲት የምትታለብ ላም ናት፤ ከቅቤዋ ነው ቀሪውን የሚሸፍኑት። የጋሽ አንሙት ታላቅ ወንድም አያ ይሁኔ ስለ ተዝካሩ ይናገራሉ። ዐርባው በጦም ስለሚውል ሽሮ ተበልቶ የወንድሜ ስም አይጠራም፤ ከፋሲካ በኋላ እናድርገውና ላሚቱን ሸጠን በሬ እንጣል ይላሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ወንድማቸውን መውደዳቸው ነው። እኔ እንግዳ ነኝ፤ የቤተ ዘመድ ወሬ ውስጥ አልገባም።

እትዬ እናነይ ቀና አሉ። ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቷል። «አያ ይሁኔ» አሉ፣ «በሬው ባይኖር ማን ያለቅሳል?»

ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያለቅስ የሰነበተ ሰው። ማንም «እኔ» አላለም። አያ ይሁኔ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «በቀኑ ይሁን» አሉ።

በቀኑ ሆነ። የካቲት ሃያ አንድ፣ ጦሙ ገብቶ፣ ስልጆው፣ ሽሮው፣ ምስሩ ቀርቦ። ከሞጣ ምስር በማዳበሪያ ጭኜ ሄጄ ነበር። የድሮው የጂኦግራፊ መምህር ስለ ቅበላው ሽሮ ሲተርክ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሳቀ፤ አባ ሳይቀሩ። የለቅሶ ቤት አይመስልም ነበር፤ ደስ አለኝ።

ሰው ከተሸኘ በኋላ ዕቃ ላነሣሣ ቤት ስገባ ግድግዳው ላይ ካላንደር ተሰቅሏል። ልማዴ ሆኖ ዓመተ ምሕረቱን አየሁ። የዘንድሮ ነው፤ አዲስ፣ ጠርዙ እንኳ ያልተጠቀለለ። እኔም መስኮት አጠገብ ለነበሩት እትዬ እናነይ፣ ጋሽ አንሙት አዲስ ካላንደር መግዛት የጀመሩት መቼ ነው አልኳቸው።

«ካንቺ ሽሮ ወዲህ አንድም ዓመት አልፎት አያውቅም» አሉኝ። «ኮቱን አልለወጠም። ካላንደሩን ግን በየመስከረሙ፣ ገበያ ሳይቀዘቅዝ፣ በጠዋት ሄዶ ሳይከራከር ይገዛ ነበር። ‹ሁለተኛ ሰው እንዳላስለቅስ› ይላል።»

ሳህኑን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ላሚቱ አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ።